ከሰይጣን ቤት እስከ ራጉኤል ቪዲዮ ቤት

አዲስ አበባ ለመጀመሪያው ሲኒማ ቤቷ ያወጣችለት ስም «የሰይጣን ቤት» የሚል ነው። ስሙን የሰጠው ባለቤቱ አይደለም፤ ሕዝቡ ነው። ባለቤቱ የሰቀለው ስም ተረስቶ ሕዝቡ ያወጣው ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወራ እኛ ዘንድ ደርሷል።

እንዲያው ለነገሩ ያን ጊዜ በነበረ ሰው ምን ይፈረድበታል? ጨለማ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ነጭ ሸራ ላይ ሰው ያለ ሥጋ ሲራመድ፣ ፈረስ ያለ ኮቴ ድምፅ ሲጋልብ፣ ባቡር ከግድግዳ ወጥቶ ወደ ተመልካቹ ሲገሰግስ ያየ ሰው ሌላ ምን ስም ሊያወጣለት ኖሯል? የሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ገንዘብ ለከፈለ ተመልካች ፊልም ያሳዩት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። ከአድዋ ድል ሁለት ወር ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልምን ወደ ተረትና ወደ ቅዠት ዓለም የወሰደው ጆርጅ መሊዬስ ደግሞ በሙያው ምትሃተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 የሠራው «ወደ ጨረቃ የተደረገ ጉዞ» በመድፍ ተተኩሰው የጨረቃን ዓይን ወግተው የሚያርፉ ሰዎችን ያሳያል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ሲኒማን ከምትሃት ጋር ማዛመዱ ያን ያህል ከእውነት የራቀ አልነበረም። የሳተው ነገር ቢኖር ምትሃቱ የማን እንደሆነ ነው። «የሰይጣን ነው፣ የባዕድ ነው» አለ። ከመቶ ዓመት በኋላም ይኸው ፍርድ፣ ቃሉ ትንሽ ተለውጦ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የቅዠት ፊልምና የጃፓን አኒሜ በሚወዱ ወጣቶች ላይ ሲሰነዘር እሰማለሁ። አንዳንዱ «የሰይጣን ነው» ይላል፤ የተማረው ደግሞ «የልጅ ነገር ነው፣ የባዕድ ባህል ነው» ይላል።

እኔ ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ነኝ። ሠላሳዎቹን ውስጥ ገብቼም አልተውኩትም። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው ነገር አጭር ነው፤ በነዚህ ፊልሞች ውስጥ የምናየው ዘንዶ፣ የሚበር ሠረገላ፣ ስም የሚሰርቅ ጠንቋይና በልጅ ውስጥ ያደረ መንፈስ ለኛ እንግዳ አይደሉም። እንግዳ የሆነብን የራሳችን ድርሻ ነው።

ራጉኤል፣ መርካቶና ጨለማዋ ክፍል

መርካቶን አሁን ባለበት ቦታ የተከሉት ጣሊያኖች ናቸው። በወረራው ዘመን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ለ«ነጮች» ከተማ አይመጥንም ብለው ወደ ምዕራብ ገፍተው አወጡት፤ «የአገሬው ሰዎች ገበያ» የሚል ስምም ሰጡት። ሕዝቡ ከረጅሙ ስም «መርካቶ» የሚለውን ብቻ ወስዶ የራሱ አደረገው። በዚሁ ገበያ እምብርት የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ይገኛሉ። እዚያ ላደገ ልጅ የማለዳ ሰዓቱ አዛንና ቅዳሴ ነው።

ሲኒማም ወደዚህ ሰፈር ዘግይቶ አልመጣም። ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ነበሯት፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም (በኋላ ብሔራዊ ቴአትር) አጀማመሩ በጣሊያን ዘመን ለሲኒማ ተብሎ የተጀመረ ሕንፃ ነው። የመርካቶ ሰው ግን ፒያሳ ድረስ መውጣት አላስፈለገውም፤ ራስ ሲኒማና አዲስ ከተማ ሲኒማ ደጁ ነበሩ። የፒያሳው ተመልካች ከረቫት አስሮ ይገባል ቢባል፣ የመርካቶው ተመልካች ከነኩንታሉ አቧራ ይገባል። ጭብጨባው፣ ፉጨቱ፣ «ከኋላህ መጣልህ!» የሚለው ጩኸት የፊልሙ ግማሽ ነበር።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ሲኒማ ቤቶቹ በመንግሥት እጅ ገቡ። የሶቪየት ፊልሞች በረከቱ፣ የሌሎቹ ቁጥር ተመናመነ። የህንድና የቻይና ፊልም ግን ከመርካቶ ልብ አልወጣም። ከዚያ የቪዲዮ ካሴት መጣ። ነጋዴው ካሴቱን ከዓረብ አገር ከጨርቁና ከሽቶው ጋር ጠቅልሎ አስገባው። መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም እንደሚባለው፣ የዓለም ተረት ሁሉ በአንድ ዕቃ ጫኝ ጀርባ ላይ ተጭኖ ገባ።

እኔ የደረስኩበት ዘመን ይህ ነው፤ 1990 ዓ.ም. ዙሪያ። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። መስኮቷ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ መቀመጫዋ አግዳሚ፣ ቴሌቪዥኗ ከፍ ብሎ ሣጥን ላይ የተቀመጠ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ የፊልሙ ስም አይጻፍበትም፣ «ህንድ፣ ቻይና፣ አክሽን» ይላል፤ ይህ በቂ ማስታወቂያ ነበር። ዋናው ጀግና «አክተሩ» ነው፤ የክፉዎቹ አለቃ «ቦሱ» ነው። አክተሩ አይሞትም። ከሞተ ደግሞ ሳንቲማችን ይመለስ ተብሎ ጠብ ይነሣል።

ቤቷ ውስጥ የሚተረጉም ጎረምሳ ነበር። ሂንዲም ቻይንኛም አያውቅም፤ እንግሊዝኛውም ከ«ካም ሂር» አይዘልም። ይሁን እንጂ አንድም ትዕይንት ሳይተረጉም አያልፍም። አንዱን ገጸ ባሕርይ «ወላሂ»፣ ሌላውን «በማርያም» እያስማለ፣ የህንዱን ባለጸጋ የጨርቅ ተራ ነጋዴ፣ የቻይናውን መነኩሴ የቆሎ ተማሪ እያደረገ ይተርካል። ስሪዴቪ እባብ እየሆነች የምትታይበትን «ናጊና» (እ.ኤ.አ. 1986) መጀመሪያ ያየሁት በሱ አንደበት ነው። በኋላ ፊልሙን ከነትርጉሙ አገኘሁት። የጎረምሳው ታሪክ ይሻል ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። አሁን ሳስበው ያ ልጅ ያደርግ የነበረው አዝማሪውና ተረት ነጋሪው ሲያደርጉት የኖሩትን ነው፤ የመጣውን ወሬ በአገር ልክ መስፋት።

አያቴ ግን ሌላ አቋም ነበራቸው። አንድ ማታ አምሽቼ ስገባ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ደግሞ ከዚያ ከሰይጣን ቤት መጣህ?»

«እማማ፣ ዘንዶ የሚገድል ሰው ነው እኮ ያየነው።»

«ታዲያ ቅዱስ ጊዮርጊስ ምን ቢያንስህ ነው ሳንቲም ከፍለህ ዘንዶ የምታየው?»

አያቴ ሊገሥጹኝ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከየትኛውም የፊልም ሐያሲ ያልሰማሁትን ቁም ነገር ነው የሰጡኝ። የምንወደው ነገር ከቤታችን አለ ማለታቸው ነበር።

የ1958 ሦስት ፊልሞች

እስቲ ወደ ታሪኩ እንመለስ። ለቅዠት ፊልም ወዳጅ እ.ኤ.አ. 1958 ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ከሦስት አህጉር ሦስት ፊልሞች ወጡ። ከጣሊያን ስቲቭ ሪቭስ የተጫወተው «ሄርኩለስ»፤ ከአሜሪካ ሬይ ሃሪሃውሰን ጭራቆቹን በእጁ እያንቀሳቀሰ የሠራው «የሲንባድ ሰባተኛ ጉዞ»፤ ከጃፓን ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ባለ ቀለም ረጅም የካርቱን ፊልም «የነጭዋ እባብ ታሪክ»።

ሄርኩለስ በጡንቻው ያሸንፋል። ሰንሰለቱን ጎትቶ ዓምድ ያፈርሳል። በሱ ፈለግ በዚያ ዘመን የጣሊያን ስቱዲዮዎች ጡንቻማ ጀግኖችን እንደ ዳቦ ጋገሯቸው። ሲንባድ ግን በሸራና በነፋስ፣ በአላዲን ዓይነት ጂኒ ርዳታ ያመልጣል፤ ተረቱ የዓረብ ነው፣ ገንዘቡ የሆሊዉድ። አንድ ዓይና ጭራቁ ሲራመድ የሚታየው መንቀጥቀጥ ዛሬ ለልጆች ያስቃቸዋል። እኔ ግን ከዛሬዎቹ የኮምፒዩተር ጭራቆች አስበልጠዋለሁ። ሃሪሃውሰን አሻንጉሊቱን በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ አንድ በአንድ ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር፤ በየሴኮንዱ ሃያ አራት ሥዕል። የሰው እጅ ያረፈበት ነገር ልክ እንደ በእጅ የተፈተለ ጋቢ ያስታውቃል።

ሦስተኛው የጃፓኑ ነው። ታሪኩ የቻይና ነው፤ እባብ የነበረች ፍጥረት ሴት ሆና ወጣት ታፈቅራለች፤ አንድ መነኩሴ ፍቅራቸውን ሊያፈርስ ይነሣል። እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ ይሏል። በሄርኩለስና በሲንባድ ዓለም ጭራቅ የሚገደል ነው። በጃፓኑ ፊልም ግን እባቧ ታዝናለች፣ ታለቅሳለች፣ ትወደዳለች። የጃፓን አኒሜ ከዚያ ወዲህ የሄደበት መንገድ በዚህ ፊልም ላይ ተጠርጓል እላለሁ። ኦሳሙ ቴዙካ እ.ኤ.አ. በ1963 «አስትሮ ቦይ»ን በቴሌቪዥን ሲጀምርም ጀግናው የብረት ልጅ ሆኖ ሳለ ልብ ያለው ነበር። ሃያኦ ሚያዛኪ ደግሞ የነጭዋን እባብ ፊልም በወጣትነቱ አይቶ በጀግናዋ ፍቅር እንደ ወደቀ ራሱ ተናግሯል። የጊብሊ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው።

ጃፓን ወደኛ የገባችው በዓረቦች በኩል ዞራ ነው። «ግሬንዳይዘር» የተባለው የሮቦት ፊልም ሊባኖስ ውስጥ ወደ ዓረብኛ ተመለሰ፤ «ካፒቴን ፁባሳ» የተባለው ኳስ ተጫዋች ዓረብኛ ተናግሮ «ካፒቴን ማጂድ» ተባለ። ስፔስቱን የተባለው የልጆች ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 ተከፈተ፤ ኤም.ቢ.ሲ. 3 በ2004 ተከተለው። በጣሪያችን ላይ ዲሽ ሲበቅል የራጉኤል ልጅ የጃፓን ካርቱን በዓረብኛ እያየ በአማርኛ ይከራከርበት ጀመር። ቁርኣን ቤት የተማሩት ጓደኞቻችን ያን ጊዜ ዋጋቸው ናረ፤ ቃሉን የሚፈቱልን እነሱ ነበሩ። በኋላ ካሴቱ ሲዲ፣ ሲዲው ፍላሽ ሆነ። «ፊልም እንጭናለን» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሱቅ ሁሉ «ናሩቶ» አለው።

አስማት፣ ዛርና የአርዌ ፍየል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከምወዳቸው ሁሉ የማስቀድመው የሚያዛኪን «ስፒሪትድ አዌይ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፤ በ2002 የበርሊንን ወርቃማ ድብ፣ በ2003 ኦስካርን ተሸለመ። ቺሂሮ የተባለች የአሥር ዓመት ልጅ ከወላጆቿ ጋር መንገድ ስታ የመናፍስት ከተማ ትገባለች። ዩባባ የተባለች ጠንቋይ ልጅቷን ሥራ ስታስቀጥር ስሟን ትወስድባታለች። ስሙን የረሳ ሰው ከዚያ አገር አይወጣም። ሃኩ የተባለው ጓደኛዋ ስሙን ረስቶ የጠንቋይዋ ሎሌ ሆኖ ቀርቷል። ለካስ የወንዝ መንፈስ ኖሯል፤ ወንዙ ተደፍኖ መኖሪያ ቤት ተሠርቶበት ቤት አልባ የሆነ። ልጅቷ የወንዙን ስም ስታስታውሰው ነፃ ይወጣል።

ይህን የአውሮፓ ተመልካች እንደ እንግዳ ሐሳብ ሊያደንቀው ይችላል። እኛ ግን ምን ያስደንቀናል? በግዕዝ «አስማት» ማለት «ስሞች» ማለት አይደለምን? የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው። ደብተራው በብራና ክታብ ላይ የሚጽፈው ኃይል ያለበት ነገር ስም ነው። «መርበብተ ሰሎሞን» የሚባለው የአስማት መጽሐፍ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ እንደሚያጠምድ ይተርካል፤ መረቡም ስም ነው። እናቶቻችን የክርስትና ስማችንን ለሰው ሁሉ የማይናገሩት ለምንድን ነው? ስሙን ያወቀ ክፉ ሰው ባለቤቱን ይይዘዋል ከሚል ሥጋት ነው። ዩባባ ያደረገችውን አያቶቻችን ሲፈሩት የኖሩት ነው ማለት ነው። ሚያዛኪ ክታብ ማንበቡን አላውቅም አልልም፤ አላነበበም ብዬ ነው የማስበው። የሰው ልጅ ፍርሃት ግን አንድ ነው።

በዚህ ላይ የወንዙ ነገር ልቤን ይነካዋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ አብሮ የሚፈርሰው ስሙ ነው ብዬ አሰብኩ። ቤት ይተካ ይሆናል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ስሙን የሚያስታውስ ማን አለ? በፊልሙ ሕግ ከሄድን፣ ስሙን የረሳ ሰፈር የሌላ ሎሌ ነው።

«ናሩቶ»ን እንውሰድ። ማሳሺ ኪሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1999 በሥዕል መጽሔት ጀመረው፤ በ2002 በቴሌቪዥን ተከተለ። ዘጠኝ ጭራ ያላት ቀበሮ መንፈስ በሕፃን ውስጥ ታትማ ትኖራለች። መንደሩ ልጁን ይፈራዋል፣ ያገልለዋል። ልጁ ግን ሲያድግ መንፈሱን አያስወጣም፣ አይገድልምም፤ ይደራደረዋል፣ ስሙን ያውቃል፣ በመጨረሻም ጓደኛው ያደርገዋል። ይህን በአገራችን ምን እንለዋለን? ዛር አይደለምን? የዛር ሥርዓት መንፈሱን ከማባረር ይልቅ ምን እንደሚፈልግ ጠይቆ፣ ቡናውንና ልብሱን ሰጥቶ አብሮ መኖር ነው። እኔ ስለ ዛር ትክክለኛነት መመስከሬ አይደለም፤ እምነት ሌላ፣ ታሪክ ሌላ ነው። የምለው፣ ይህን ፊልም ለማስረዳት ከሌላ አገር አስተማሪ የማያሻው ሕዝብ ቢኖር እኛ ነን ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የአርዌ ታሪክ ነው። በአክሱም ትውፊት ከነገሥታቱ ሁሉ በፊት የነገሠው አርዌ የሚባል ዘንዶ ነው። ሕዝቡ በየጊዜው ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር። አጋቦስ የተባለ ሰው መጣና አሸነፈው። በምን? በሰይፍ አይደለም፤ በጡንቻም አይደለም። ለፍየል መርዝ አብልቶ ፍየሏን ለዘንዶው ገበረለት። አርዌ ዋጣት፣ ሞተ፤ አጋቦስ ነገሠ፤ በትውፊቱም የንግሥተ ሳባ አባት እሱ ነው። ሄርኩለስ ይህን ቢሰማ ያፍር ነበር። የመርካቶ ሰው ግን ጀግናውን ወዲያው ያውቀዋል፤ ጠላቱን በሚወደው ነገር የሚጥል፣ ትንሽ አውጥቶ ብዙ የሚያተርፍ!

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ክብረ ነገሥት ሰሎሞን ለንግሥቲቱ ከሰጣት ስጦታ መካከል በአየር የሚሄድ መርከብ እንደነበረ ይናገራል፤ ልጃቸው ምኒልክ ታቦቱን ይዞ ሲመለስም ሠረገላው ከምድር ከፍ ብሎ እንደ ንስር ቀይ ባሕርን እንደተሻገረ ይተርካል። «ዜና እስክንድር» የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ እስክንድርን ወደ ባሕር ጥልቀት ያወርደዋል፣ ወደ ሰማይም ያወጣዋል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ባህላዊ ሠዓሊዎቻችን በአንድ ሸራ ላይ በአርባ አራት ትናንሽ ሥዕል ተከታትለው ይሥሉታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች አርዌና ፍየሏ ናቸው። የፊልም ሰዎች ካሜራ ከማንሣታቸው በፊት ትዕይንቱን በተርታ ሥለው ያዘጋጁና «ስቶሪቦርድ» ይሉታል። የኛ ተዘጋጅቶ ፒያሳ የቱሪስት ሱቅ ውስጥ ተሰቅሏል፤ የጎደለው ካሜራው ብቻ ነው።

ራጉኤል ጃፓን ገባ

ይህን ሁሉ «ተመሳሳይነት ነው፣ አጋጣሚ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለሱ ከአጋጣሚ በላይ የሆነ ማስረጃ አለኝ፤ ማስረጃውም የሰፈሬ ስም ነው።

መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 20 ላይ የሚጠብቁትን ቅዱሳን መላእክት በስም ሲዘረዝር ራጉኤል ከነሱ አንዱ ነው። ይህ መጽሐፍ በሌላው ዓለም ለብዙ መቶ ዓመታት ጠፍቶ ነበር። ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ከመጽሐፍ ቅዱስ ቈጥራ ጠብቃዋለች። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ከኢትዮጵያ የተገለበጡ ቅጂዎችን እ.ኤ.አ. በ1773 ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከሰማይ ወርደው የሰው ሴቶችን ያገቡ ትጉሃን፣ ከነሱ የተወለዱ ግዙፋን፣ ሄኖክ በሰማይ የሚያደርገው ጉዞ ሁሉ በዚህ መንገድ ዓለም እጅ ገባ።

ከዚያስ? ዳረን አሮኖፍስኪ እ.ኤ.አ. በ2014 «ኖኅ» የተሰኘ ፊልም ሲሠራ ድንጋይ የለበሱ ግዙፍ ትጉሃን አስገባ፤ ምንጩ ሄኖክ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 ጃፓኖች «ኤል ሻዳይ» የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ አውጥተዋል፤ ጀግናው ራሱ ሄኖክ ሆኖ የወደቁትን መላእክት ያሳድዳል። ሂዴያኪ አኖ በ1995 የጀመረው ስመ ጥሩ አኒሜ «ኢቫንጌሊየን» ደግሞ ከተማ የሚያጠቁ ግዙፍ ፍጥረታትን በመላእክት ስም ይጠራቸዋል፤ ከነሱ አንዱ «ራሚኤል» ይባላል። ይህ ስም በሄኖክ ምዕራፍ 6 ላይ ከሰማይ ከወረዱት አለቆች ጋር ተቈጥሯል።

እንግዲህ ተመልከቱ። አንድ የራጉኤል ልጅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለች ሱቅ ይህን አኒሜ በፍላሽ ያስጭናል። የአጥሩ ማዶ ያለው መጽሐፍና የፍላሹ ታሪክ ዘመዳሞች መሆናቸውን የሚነግረው ሰው የለም። ሰባኪው «ባዕድ ነው» ይለዋል፤ አስተማሪው «ዕድሜህን አታባክን» ይለዋል። ልጁም ራሱ የጃፓን ነገር የሚወድ እንግዳ ፍጥረት ይመስለዋል። ቅዱሱን መጽሐፍ ለጨዋታ ማዋላቸው የሚያስከፋው ምእመን ቢኖር ቅሬታው ይገባኛል። ነገር ግን ቅሬታውን ለማሰማትም ቢሆን መጽሐፉ የኛ መሆኑን ማወቅ ይቀድማል።

የኛው አርዌ ወዴት አለ?

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው። እንዲህ ያለ ጎተራ ያለው ሕዝብ ለምን ፊልሙን አልሠራም?

ከልጆች እንጀምር። ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት የነገሩን አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ነበሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ያላቸው መሣሪያ ወንበር፣ ድምፅና ፊት ብቻ ነው። በዚያ ብቻ ጅብና አንበሳን በየቤታችን አስገብተዋል። ከአጠገባቸው አንድ የካርቱን ስቱዲዮ ቢኖር ኖሮ ምን ይወጣ እንደነበር ሳስብ ይቆጨኛል። ጃፓን ቴዙካ ነበራት፤ ቴዙካም ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሱ ሠራተኞች ነበሩት። እኛ ተረት ነጋሪው ነበረን፣ ሠዓሊው ነበረን፤ ሁለቱን በአንድ ክፍል ያስቀመጠ አልነበረም።

የአገራችን ፊልም ሲጀመርም የመረጠው መንገድ የኑሮ ታሪክ ነበር። ከ1950ዎቹ መጨረሻው «ሂሩት አባቷ ማነው» ጀምሮ እስከ «ጉማ»ና «አስቴር» ድረስ ቤተሰብ፣ ፍቅር፣ ደም፣ በደል ነው። አያስወቅስም፤ የሚያስለቅስ ኑሮ ያለው ሕዝብ ስለ ኑሮው ቢሠራ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅዠት ከኑሮ መሸሽ ነው የሚለው አስተሳሰብ አብሮ ሥር ሰደደ። ይህን የሚያፈርሰው ከራሳችን ሰው የመጣ ሥራ ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው «ሳንኮፋ» ውስጥ አንዲት የዛሬ ዘመን ሞዴል ጋና ካለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ትገባና በምትሃት ዘመን ተሻግራ ባሪያ ሆና ትገኛለች። ታሪክን ለመናገር ቅዠትን በር አደረገው። ማንም «የልጅ ነገር ነው» አላለውም።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጭላንጭሎች አሉ። ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ2015 «ክረምብስ»ን እዚሁ አገር፣ በአማርኛ፣ በዳንኤል ታደሰ መሪ ተዋናይነት ሠራ። ዓለም ካለቀች በኋላ የቀሩ ሰዎች የኛን ዘመን የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የሙዚቃ ሸክላ እንደ ቅርስ ያከብሩታል። ምን አለሽ ተራን ያየ ሰው ይህን ፊልም ለመረዳት አይቸገርም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የሠሩት ሰዎች «ጥበብ ልጃገረዶች» የተባለ ካርቱን አውጥተዋል፤ ጀግኖቹ ልዩ ኃይል ያላቸው የኛ ልጃገረዶች ናቸው፤ የሚዋጉትም ያለዕድሜ ጋብቻንና የመሳሰለውን ነው። በሰራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለ የሥዕል መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቅርቧል። እነዚህ ሁሉ ጅምሮች ናቸው። ጅምርነታቸውን አደንቃለሁ፤ ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። ልዩ ኃይሉ ከየት ይምጣ? ከአሜሪካ ጀግኖች ካባ ወይስ ከክታቡ፣ ከአርባ አራቱ ሥዕል፣ ከአጋቦስ ፍየል? የመጀመሪያው ይቀላል። ሁለተኛው ግን ሌላ አገር ሊሠራው የማይችል ነው።

ገንዘብ የለም ይባላል። እውነት ነው፤ ሆኖም ሎተ ራይኒገር የተባለች ጀርመናዊት እ.ኤ.አ. በ1926 «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች»ን የሠራችው በመቀስ ከተቈረጠ ወረቀት ጥላ ነው። ዛሬ በእጃችን ካሉት ረጅም የካርቱን ፊልሞች አንጋፋው እሱ ነው። ወረቀትና መቀስ ደግሞ ራጉኤል ዙሪያ ሞልቷል።

አሮጌው ራስ ሲኒማ ፈርሷል። ቪዲዮ ቤቶቹም አንድ በአንድ ጠፍተዋል። ያ የሚተረጉም ጎረምሳ የት እንዳለ ማንም አይነግረኝም። የቀረው ተመልካቹ ነው፤ እሱ ግን በየትምህርት ቤቱ አለ። የሒሳብ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ናሩቶን ሥሎ የማያውቅ የመርካቶ ተማሪ ፈልጉና አሳዩኝ። ለዚያ ልጅ «ተው» ከማለት ይልቅ አንድ ጥያቄ ብንጠይቀው ምን አለበት? «አርዌ ምን ይመስል ነበር? እስቲ ሣለው» ብንለው? ጭራው ስንት ክንድ ነው? ፍየሏን ሲውጥ ዓይኑ ምን ይላል? አጋቦስስ ቆሞ ሲጠብቅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር? ይህን የሚመልስ ልጅ ከተገኘ ፊልሙ ተጀምሯል።